ከቃሊቲ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ የአማርኛ ጦማር እንዴት ተዛመተ

በአማርኛ ጦማር ታሪክ ውስጥ የቃሊቲን ያህል ስሙ የሚነሳ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር የለም፣ ይሄን ስል ማጋነን አይመስለኝም። ስሙ የሚነሳው ዞን ዘጠኝ በሚባሉት ጦማሪያን የተነሳ ነው። ከነሱ በፊት የነበሩት ብሎጎች ብዙዎቹ በ1998 ዓ.ም ብሎግስፖት የተባለው የብሎግ መድረክ ሀገር ውስጥ ሲዘጋ ከአንባቢ ራቁ።

ዞን ዘጠኝ የተመሰረተው ግንቦት 2004 ነው። ወጣቶቹ ቃሊቲ እስር ቤት የታሰሩ ጋዜጠኞችን ሊጠይቁ ይመላለሱ ነበርና እስር ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለነው ሁላችን ነን ብለው ስሙን አወጡ፤ መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። ብሎጉ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ጽሁፉ ግን አልቆመም፦ በፕሮክሲ የተዘጋ ገጽ መክፈት የሚችል አንድ ልጅ ይከፍተውና ኮፒ አርጎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዛ ሼር ሼር እየተባለ በደቂቃ ሂሳብ ከሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት ተነስቶ ስልክ ላይ ይደርሳል፣ ካርድ ያለቀበት ደግሞ ስክሪንሾቱን ከጓደኛው በብሉቱዝ ይቀበላል። «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚለው ዘመቻቸው የተስፋፋውም እንዲሁ ነው፣ ሰው ፕሮፋይል ፎቶውን እየቀየረ።

ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሶስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በኋላ ወንዶቹ ቂሊንጦ እስር ቤት፣ ሴቶቹ ቃሊቲ ገቡ፤ ሁለቱም እዚሁ እኛ ጋ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። የዲጂታል ደህንነት ስልጠና መውሰዳቸው እንኳ የሽብር ክሱ ውስጥ ገባ። ስንቅ ይዞ የገባ ጠያቂ የሰማውን በቃሉ ይዞ ይወጣል፣ ማታ ፌስቡክ ላይ ይጻፋል፣ ከውስጥ የተጻፉ ደብዳቤዎችም ወጥተው ታትመዋል፤ ውጪ ያሉት ጓደኞቻቸው ደግሞ ግሎባል ቮይስስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጦማሪያን መረብ በኩል በብዙ ቋንቋ አዳረሱት። እስሩ አንባቢ አበዛ የሚሉ አሉ፣ ጸሀፊውን አስፈራ የሚሉም አሉ፣ ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። የሽብር ክሱ ግን አልጸናም፦ አምስቱ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነስቶ ወጡ፣ የቀሩት አራቱ ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ።

በ2010 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ሀገር ውስጥ ተዘግተው የነበሩ ከ200 በላይ ድረገጾች ተከፈቱ።

አሁን ወሬው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ብትሄዱ የብሎክ ግሩፕ አለ፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ ከሚናገረው መልእክት ስር ረጅም የፖለቲካ ጽሁፍ ፎርዋርድ ተደርጎ ታገኛላችሁ፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ። የጻፈውን የሚጠይቅ የለም፣ የላከውን ጎረቤት ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ የሚታመነው እሱ ነው፤ የትኛው ጽሁፍ ፒን እንደሚደረግ የሚወስነው ደግሞ የግሩፑ አድሚን ነው።