ሮከር ምንድን ነው? የአንድ ሰው ካኑ ሆድ ለምን ይጎብጣል

«ታቹ ቀጥ ይበል ወይስ ይጎብጥ?»

ይህን የጠየቁኝ ሐዋሳ ውስጥ ጀልባ የሚሠሩ አንድ አናጢ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን የሚቀዝፋት ካኑ በኮምፔርሳቶ ላሠራ ፈልጌ ነው የሄድኩት። ርዝመቷን ወስኛለሁ። ቀለሟን እንኳ መርጫለሁ። ይህን ጥያቄ ግን አላሰብኩበትም ነበር። «ጋሼ፣ እንደሌሎቹ ጀልባዎች ይሁን» ብዬ ላልፍ ስል ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጀልባ ማለትኮ እሱ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የጠየቁኝ ነገር በካኑ ሰዎች ዘንድ ሮከር ይባላል።

ካኑ ከላይ ክፍት የሆነች፣ በባለ አንድ ምላስ መቅዘፊያ የምትቀዘፍ ቀጭን ጀልባ ናት። ታንኳ ብንላትም ያስኬዳል፤ የጣናዋ ታንኳ የደንገል መሆኗን እስካልረሳን ድረስ። ካያክ ሌላ ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተሸፈነ ነው፤ መቅዘፊያውም በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው።

አሁን ካኑዋን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጧት። ሆዷ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ወለሉን ከነካ ሮከር የላትም። መሃሏ ብቻ ነክቶ ሁለቱ ጫፎቿ ከተነሡ ሮከር አላት ማለት ነው። መጠኑም ከወለሉ እስከተነሣው ጫፍ ያለው ክፍተት ነው። ብዙ ሰው ከላይ በሚታየው የአፍንጫ ቅልብስ ይሸወዳል። እሱ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ መታየት ያለበት ታቹ ነው። ደግሞ አምራቾች የሚለኩበት ቦታ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ሲያወዳድሩ መጠንቀቅ ነው።

ሐብሐብ በልታችሁ ልጣጩን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጫፉን በጣት ነካ ስታደርጉት ዞር ይላል። ሮከርም ይኸው ነው። ጫፎቹ ውሃውን ስለማይነክሱ ጀልባዋ በመሃሏ ላይ ትሽከረከራለች። ታቿ ቀጥ ያለች ጀልባ ግን ውሃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነክሳ ስለያዘች መዞር አትወድም፤ የጀመረችውን መስመር ትይዛለች። ባጃጅ ጠባብ መንገድ ላይ እጥፍ ብላ ትመለሳለች፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ አደባባይ ይፈልጋል። አስፋልቱን ከያዘ በኋላ ግን ማን ይደርስበታል?

ብቻውን ለሚቀዝፍ ሰው ነገሩ ይብሳል። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ሲቀዝፉ አንዱ የሌላውን ያቃናል። ብቻችሁን በቀኝ ስትቀዝፉ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ በየቅዘፋው መጨረሻ ምላሱን አዙራችሁ ውሃውን ወደ ውጭ ገፋ ታደርጋላችሁ። ይህ ጄ ስትሮክ ይባላል፤ የመቅዘፊያው መንገድ የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለሚመስል ነው። ሮከር በበዛ ቁጥር የማቃናቱ ሥራም ይበዛል።

እኔ ይህን የተማርኩት በውሰት ጀልባ ነው። ለወንዝ የተሠራች፣ ጫፎቿ በደንብ የተነሡ ነበረች። ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ መስተዋት ሆኖ ሳለ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሰዓት ንፋሱ ተነሣ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዕበሉ መንደርደሪያ ቦታ አያጣም። አፍንጫዋ አንዴ ወደ ታቦር ተራራ፣ አንዴ ወደ ማዶ ሲዞርብኝ እንደ ሰካራም እየተንገዳገድኩ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ዳር ደረስኩ። ዳር ላይ የቆሙት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ የታዘቡኝ መሰለኝ።

ወንዝ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቢላቴን ወይም ኦሞን አስቡ። ድንጋይ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ውሃው አይጠብቃችሁም። አፍንጫውን ቶሎ አዙሮ ከድንጋዩ ጀርባ ወዳለው ጸጥ ያለ ውሃ መግባት ያስፈልጋል። ቀጥ ያለች ጀልባ እስክትዞር ወራጁ በጎኗ ይዟት ድንጋዩ ላይ ይለጥፋታል። እንደዚያ ሆና ውሃ ከሞላች አበቃ፤ የሰው ጉልበት አያላቅቃትም።

በግርድፉ፣ ለሐይቅ ከ0 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ዕቃ ጭኖ ወንዝ ለወንዝ ለሚጓዝ ከ5 እስከ 8 ጥሩ ነው። ከ10 በላይ ያላቸው ነጭ አረፋ ውስጥ ለመጫወት የተሠሩ ናቸው፤ ሐይቅ ላይ ሥቃይ ናቸው።

ሁለቱንም የሚፈልግስ? ብዙዎቻችን እዚያ ነን። አንዱ ዘዴ ፊቱን ከኋላው ይበልጥ ማንሣት ነው። አፍንጫው በቀላሉ ይዞራል፣ ጅራቱ መስመር ይይዛል። ጭነትንም አትርሱ። ድንኳንና የሦስት ቀን ስንቅ ሲጫን ጀልባዋ ዝቅ ትልና ጫፎቿም ውሃ መንከስ ይጀምራሉ። ባዶዋን ቅብጥብጥ የነበረች ጀልባ ስትጫን ጨዋ ትሆናለች።

ሌላው፣ እኔ በጣም የምወደው፣ ማዘንበል ነው። ካኑዋን በጉልበታችሁ ገፋ አድርጋችሁ በአንድ ጎኗ ብታጋድሏት ሰፊው መሃሏ ውሃው ላይ ያርፋል፤ ጫፎቿ ቀለል ይላሉ። ሮከር ያልነበራት ለቅጽበት ሮከር ታበቅላለች። ቀጥ ያለችን በማዘንበል ማዞር ይቻላል፤ የጎበጠችን ግን ካልጫኗት በቀር ቀጥ የሚያደርግ ዘዴ የለም። ስለዚህ ሐይቅ ለሚያዘወትር የሐዋሳ ሰው መጠነኛ ሮከር ይሻላል ባይ ነኝ።

ርዝመቷ ከ4 እስከ 4 ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለአንድ ሰው ደህና ናት። ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ በጠዋትም በማታም ቄጠማው ዳር አትጠጉ። ጉማሬ ስለ ሮከር ግድ የለውም።

በሳምንቱ አናጢው ዘንድ ተመለስኩ። «ከፊት 5፣ ከኋላ 3 ሴንቲ ሜትር» አልኳቸው ኮራ ብዬ። እርሳቸው ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን አውርደው ሳንቃው ላይ ጻፉት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተስ ስንት ኪሎ ነህ?»