ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚከደን ዐይን

በባሕር ዳር የነርቭ ሕክምና ስሠራ ማያስቴኒያ ግራቪስ ስለሚባለው ጡንቻን የሚያዝል በሽታ የምሰማው አንድ አባባል ትዕግሥቴን አሟጦታል፤ «ጠዋት ደኅና ነበረች፣ ሥራ ሲመጣ ነው የሚደክማት» የሚለው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከዐይን ይጀምራል፤ የዐይን ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ቀጥሎም ማኘክ፣ መዋጥና ክንድ ማንሣት ይከብዳል።

ከደምበጫ አካባቢ የመጣች አንዲት ወጣት ጠዋት ውኃ ቀድታና እንጀራ ጋግራ ትውልና ማታ ራት ስታቀርብ እጇ አልነሣ ይላታል። አማቷ ስንፍና ነው ብለው ደምድመው ነበር። በፊታቸው ዐይኗን ሳትነቅል ወደ ጣሪያው እንድትመለከት አደረግኋት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሁለቱም ዐይኖቿ ቆቦች ቀስ በቀስ ወረዱ፤ ጥቂት ስታርፍ ግን ተመልሰው ተነሡ። አማቷ ከዚያ በኋላ ስለ ስንፍና አላነሡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ በጡንቻው ላይ ያለውን የዚህን ንጥረ ነገር ተቀባይ ያጠቃል። ጡንቻው በተደጋጋሚ ሲሠራ ከነርቩ የሚወጣው አሴቲልኮሊን መጠኑ ስለሚቀንስ ትእዛዙ አይደርስም፤ ዕረፍት ሲገኝ ኃይሉ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት በርትቶ ማታ መዛል የማስመሰል ማስረጃ ሳይሆን የበሽታው ዋና ምልክት ነው።

ቡዳ የበላው ሰው በሽታም አይደለም። አይተላለፍም። ተራ መነጽርም የወረደውን ቆብ አያነሣም።

«መድኃኒት የለውም» የሚሉም አሉ። ሜሪ ዎከር የተባለች ስኮትላንዳዊት ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. ፊዞስቲግሚን በሚባል መድኃኒት የታማሚዋን ኃይል ለጊዜው መልሳለች፤ ዛሬ ፒሪዶስቲግሚንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መድኃኒቶች፣ ለአንዳንዶችም በደረት ውስጥ የሚገኘው የታይመስ ዕጢ ቀዶ ሕክምና አሉ። ጸበል መሄድን አልከለክልም፤ ሆኖም መድኃኒቱን አቋርጠው በጸበል ቦታ ትንፋሽ አጥሯቸው የደረሱብኝ ታማሚዎች ስላሉ፣ የሚሄድ ሁሉ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይዋጥ።

ታማሚው በየትኛውም ጤና ጣቢያ መርፌም ሆነ ክኒን ከመቀበሉ በፊት በሽታውን ይናገር፤ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችና ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን ድካሙን ሊያባብሱ ይችላሉ። የበሽታውን ስም በወረቀት ጽፎ በኪሱ መያዝ ከሁሉ ይቀላል። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ተጋድሞ መተንፈስ የከበደው ሰው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።