«ይተኙ፣ አይድከሙ»፦ ስለ ልብ ድካምና እንቅስቃሴ ቡና ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

አጎቴ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ዳገት ድሮ ወሬ እያወሩ ነበር የሚወጧት። አሁን ሦስቴ ይቆማሉ። ሰው እንዳያዝንላቸው ደግሞ ሲቆሙ ስልካቸውን አውጥተው ያያሉ። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪም «ሥር የሰደደ የልብ ድካም» ካላቸው ወዲህ ጠያቂ ሁሉ ምክር ይዞ ነው የሚመጣው።

«ልብ ድካም ማለት ልብ ሊቆም ነው ማለት ነው»

አይደለም። ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መርጨት ተስኖታል ማለት ነው። ጤነኛ ልብ ቁጭ ባልንበት በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይረጫል፤ ስንሮጥ እስከ 20 ሊትር ሊያደርሰው ይችላል። የደከመ ልብ ይህ መጠባበቂያ የለውም። ለዚህ ነው ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ደህና የሚመስሉት ሰው ዳገት ላይ የሚለዩት።

«የሚያለከልኩት ልባቸው ስለደከመ ብቻ ነው»

እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እግራቸውን ሲታጠቡ ባታቸውን አየሁት። ያ ማሳ ሙሉ ሲያርስ የኖረ እግር ቀጥኗል።

በልብ ድካም የእግር ጡንቻም ይታመማል። ሳይዝሉ ረጅም የሚሠሩት የጡንቻ ክሮች ይቀንሳሉ፣ ቶሎ የሚዝሉት ይበዛሉ። ኦክስጅኑን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት ሚቶኮንድሪያዎችም ያንሳሉ። ደም ሥሮቹ በእንቅስቃሴ ጊዜ እንደ ድሮው አይሰፉም። ጡንቻው ሲዝል ደግሞ ለአንጎል ምልክት ይልካል፤ አንጎልም ትንፋሹን ያፈጥነዋል። ሰውየው የሚይዙት ደረታቸውን ነው፣ ነገሩ የጀመረው ግን ከባታቸው ሊሆን ይችላል! የመተንፈሻ ጡንቻዎችም አብረው ይደክማሉ። በዚያ ላይ ብዙ ታማሚዎች፣ ደም ማነስ ባይኖርባቸውም እንኳ፣ የአይረን እጥረት አለባቸው። በደም ምርመራ ስለሚታወቅ ሐኪምን መጠየቅ አይከፋም።

«ይተኙ፣ አይነሱ»

ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፣ አውቃለሁ። ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር። ግን የተኛ ጡንቻ ይብስ ይሳሳል፣ የሳሳ ጡንቻ ቶሎ ያደክማል፣ የደከመ ሰው መልሶ ይተኛል። 2,331 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት የተመጠነ እንቅስቃሴ ጉዳት እንደማያመጣ አሳይቷል። ሞት ቀነሰ ብሎ መፎከር ግን አይቻልም፤ በዚያ በኩል የታየው ለውጥ ትንሽ ነው። ጉልበትና የኑሮ ስሜት ግን መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል።

እንቅስቃሴ ሲባል ጆንያ ተሸከሙ ማለት አይደለም። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ሜዳ ላይ፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት፣ ከጥቂት ደቂቃ መጀመር ነው። እግር ካበጠ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ኪሎ ከጨመረ፣ ወይም ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠረ የእግር ጉዞው ይቅርና ሐኪም ጋ ይኬድ። ደረት የሚያም ወይም ራስ የሚያስት ከሆነማ በአስቸኳይ።

«ኢኮው ደህና ነው ተብሏል፤ እንግዲህ ስንፍና ነው»

ይህቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኢኮ ማለት ልብን በአልትራሳውንድ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በደንብ የሚጨመቅ፣ ግን ደንድኖ በሚገባ የማይላላ ነው። ካልላላ በደንብ አይሞላም፤ ሲንቀሳቀሱ ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ኢኮ ደግሞ የሚነሳው ተጋድሞ ነው። ዳገቷን አያያትም።

«የሽማግሌ በሽታ ነው»

በእኛ አገር ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል በሚያስከትለው የልብ ቫልቭ ጉዳት ስንት ልጅ ይታመማል። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ጥግ የሚቀመጥን ልጅ ሰነፍ ከማለት ማስመርመር ይሻላል።

«መድኃኒቱ ነው ያደከማቸው»

ትንሽ እውነት አለው። የልብ ምት የሚያዘገዩት መድኃኒቶች መጀመሪያ ሰሞን ያዝላሉ። ግን በገዛ እጅ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክለው።

«ቆላ ቢወርዱ ይድናሉ»

መዳን የለም፤ መቅለል ግን ሊኖር ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። አጎቴ ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት እህታቸው ጋ ሁለት ሳምንት ከረሙ። ትንፋሹ ቀለል አላቸው፣ ሙቀቱ ግን አልተስማማቸውም። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ላብ ተጨምሮበት ሲነሳ ያዞራል።

ተመልሰው መጡ። አሁን አስፋልቱ ዳር ሜዳ ሜዳውን በመብራት ምሰሶ እየቆጠሩ ይሄዳሉ። በሁለት ጀመሩ፣ ባለፈው እሁድ ሰባት ደረሱ። «ስምንተኛውስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እዚያ ጋ ውሻ አለ» አሉኝ።