ፋብሪካው ዲዛይናችሁን አያርምም፦ ፒሲቢ ስለማሠራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስህተት ቢኖረው ፋብሪካው ይነግረኝ ነበር።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካኩ ልጆች የማይሠራ ፒሲቢ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚበየዱበት የመዳብ መስመር ያለው ቦርድ፣ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት እሱን ነው። ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ትንንሾቹን ላንሳ።

«100 ቦርድ ካላዘዛችሁ አይሠሩላችሁም።» ይህ ድሮ ቀረ። ቻይና ያሉት እነ ጄኤልሲፒሲቢና ፒሲቢዌይ የተባሉ ፋብሪካዎች 5 ቦርድም ይሠራሉ። ባለ ሁለት ገጽ ሆኖ ከ100 በ100 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ኪስ የሚጎዳው ማጓጓዣው ነው። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር አብራችሁ እዘዙ።

«የዲዛይን ሶፍትዌር ውድ ነው።» ኪካድ ነፃ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራስ በ1992 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ዛሬ ለባለሙያም ይበቃል።

«በወርቅ የተለበጠው ሁልጊዜ ይሻላል።» እግራቸው በጣም የተቀራረበ ቺፖች ከሌሉት ቆርቆሮ የተቀባው ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው። ፋብሪካው ምን ያያል? የምትልኩለት የገርበር ፋይል ሥዕል ነው። የመዳቡ ቅርጽ፣ የአረንጓዴው ቀለም፣ የነጩ ጽሑፍ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን የሚያሳይ ሌላ ፋይል አለ። በቃ። «ይህ መስመር 3.3 ቮልት መሆን አለበት» ብሎ የሚመረምር የለም። እዚያ ያለው ባለሙያ የሚያየው መስመሩ ከልክ በላይ ቀጥኖ እንደሆነ፣ ቀዳዳው ከጠርዝ ተጠግቶ እንደሆነ ነው። «የኤሌክትሪክ ፍተሻ ተደርጎለታል» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ፍተሻው የሚያረጋግጠው ቦርዱ ከላካችሁት ፋይል ጋር አንድ መሆኑን ነው። ፋይሉ ላይ ፕላስና ማይነስ ከተገናኙ፣ ቦርዱም ላይ መገናኘታቸውን አይቶ ያልፋል። ማተሚያ ቤት የሰጣችሁትን ያትማል እንጂ ሐሳባችሁን አያርምም፤ ይኸም እንደዚያው ነው።

አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ቦርድ ላይ ኤኤምኤስ1117 ነበረበት። 5 ቮልትን ወደ 3.3 የሚያወርደው፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ሬጉሌተር ነው። በአንድ ጎኑ ሰፊ የብረት ምላስ አለው። ልጁ ሙቀት እንዲበትንለት ብሎ ምላሱን ከግራውንዱ (ከማይነሱ) መዳብ ጋር አገናኘው። 7805 ከሚባለው ሌላ ሬጉሌተር የመጣ ልማድ ነው፤ የ7805 ምላስ ግራውንድ ነው። የኤኤምኤስ1117 ምላስ ግን መውጫው ነው፤ ከመካከለኛው እግር ጋር አንድ ነው። ፉትፕሪንቱን (የዕቃው እግሮች የሚያርፉበትን የመዳብ ቅርጽ) ራሱ ስለሳለው ኪካድም አላወቀበትም። ዩኤስቢው ሲሰካ ሬጉሌተሩ ግሎ በጣት የማይነካ ሆነ። ቦርዶቹ ግን አሠራራቸው ንጹሕ ነበር፤ ሁሉም ፍተሻውን አልፈዋል።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ራስበሪ ፓይ 4 በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያው ሁለት የሲሲ እግሮች (ኃይል ሰጪው የተሰካውን ዕቃ የሚለይባቸው) አንድ ሬዚስተር ተጋርተው ነበር። የዩኤስቢ-ሲ ደንብ ለየብቻቸው 5.1 ኪሎ ኦም ይላል። በዚህ ምክንያት ውስጣቸው ቺፕ ያለባቸው አንዳንድ ኬብሎች ኃይል አልሰጡትም። ስህተቱ የዲዛይን ነበር።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ዳታሺቱን (የዕቃው አምራች ያወጣውን መግለጫ) ክፈቱ። እያንዳንዱን ቺፕ እግር በእግር አመሳክሩ። ሥዕሉ ከላይ የታየ ነው ወይስ ከሥር? ይህን ሳታዩ አትለፉ። ከዚያ ቦርዱን በ1 ለ1 ልኬት ወረቀት ላይ አትሙና ዕቃዎቹን አስቀምጡበት። ኤስኦአይሲ በሚባለው ቅርጽ የሚመጣ ባለ 8 እግር ቺፕ አካሉ 3.9 ሚሊ ሜትር የሚሰፋም አለ፣ 5.3 የሚሰፋም አለ። ስሙን ብቻ አይቶ ያዘዘ ሰው እግሮቹ መዳቡ ላይ አልደርስ ይሉታል። ወረቀቱ ላይ ስታስቀምጡት ግን ወዲያው ይታያል።

«ዕቃዎቹን እዚያው ፋብሪካ ካስበየድኩ ገርበሩን መላክ ይበቃል።» አይበቃም። የዕቃ ዝርዝርም፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታና አቅጣጫ የተጻፈበት ፋይልም ያስፈልጋል። አቅጣጫው ላይ ጠንቀቅ በሉ። የኪካድ ዜሮ ዲግሪና የፋብሪካው ዜሮ ዲግሪ ለአንዳንድ ዕቃ አይገጥሙም። ቺፑ 90 ወይም 180 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የሚያሳዩአችሁን ሥዕል አጉሉት። የእግር 1 ነጥብ የት ነው? የኤልኢዱ (የትንሿ መብራት) ካቶድ፣ ማለትም ማይነሱ፣ ወዴት ዞሯል? አንድ በአንድ እዩ።

«ማሽን ስለሚበይደው የዕቃው ዓይነት ቢበዛ ለውጥ የለውም።» አለው። እያንዳንዱ ዓይነት ማሽኑ ላይ በጥቅል ይጫናል። ሁልጊዜ ተጭነው ከሚኖሩት ውጭ ለሆነው በየዓይነቱ ያስከፍላሉ። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በሚበቃበት ቦታ 9.1 አታስገቡ።

«ኤስኤምዲ (ያለ ቀዳዳ ቦርዱ ገጽ ላይ የሚበየድ ትንሽ ዕቃ) በእጅ አይበየድም።» 0805 የሚባለው መጠን 2 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ፍለክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) እና ጥሩ ወረንጦ ካላችሁ ይበየዳል።

የመጀመሪያ ትእዛዝ ከሆነ ግን፣ ፋብሪካው ከፈቀደ ከ5ቱ 2ቱን ብቻ አስበይዱ፤ 3ቱን ባዶ ተቀበሉ። ሲደርሱ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት በ3.3 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ሾርት (የማይፈለግ ግንኙነት) መኖር አለመኖሩን በመልቲሜትር ለኩ። ስህተት ከተገኘ ባዶው ቦርድ ላይ መስመሩን በምላጭ ቆርጣችሁ በቀጭን ሽቦ አስተካክሉ፤ ዕቃውን በይዳችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ላኩ።