«ጥፋቱ ግልጽ ነው፣ ምን ይሰማል?» እና ሌሎች የዲሲፕሊን ክስ ተረቶች

የመንግሥት ሠራተኞችን የዲሲፕሊን ጉዳይ ይዤ ስመላለስ አንድ አባባል ሰልችቶኛል። «እጅ ከፍንጅ ተይዟል እኮ፣ ምን ይሰማል?» ይህን የሚሉት ደግሞ ኃላፊዎች፣ የሰው ሀብት ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም ክሱን የሚሰሙት ራሳቸው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ናቸው።

ወገን፣ ሰውየው አድርጎታል ወይ የሚለውና መባረር አለበት ወይ የሚለው ለየቅል ናቸው። ድርጊቱ ፀሐይ የሞቀው ቢሆን እንኳ ማን አዘዘው፣ ለምን አደረገው፣ ቅጣቱስ ይመጥናል ወይ የሚለው ገና አልተነካም።

ጄምስ ላውደርሚልን እንውሰድ። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነበር። ሲቀጠር በከባድ ወንጀል ተፈርዶብኝ አያውቅም ብሎ ፎርም ሞላ። በኋላ ሲጣራ በፈረንጆቹ 1968 በስርቆት የተፈረደበት ሆኖ ተገኘ፤ በደብዳቤ ተባረረ። ዋሽቷል፣ አለቀ፣ ያስብላል አይደል? እሱ ግን ፍርዱ የቀላል ወንጀል መስሎኝ ነው ባይ ነው። ይህን ከመባረሩ በፊት የሚናገርበት ዕድል አላገኘም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እንዲህ ያለ የሥራ ዋስትና ያለው ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ክሱ ሊነገረው፣ ማስረጃው ሊብራራለትና ምላሹ ሊሰማ ይገባል ብሎ ወሰነ። በቃ፣ ይኼው ነው። ይህን ማድረግ ማንን ይከብዳል?

ይከብዳቸዋል። አንዴ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሊሰማ በር ላይ ቆሞ ሳለ ጸሐፊው ፊት ያለውን ቃለ ጉባኤ አየሁት። «ከሥራ እንዲሰናበት» ተተይቦ አልቋል፣ የአባላቱ ስም ለፊርማ ተደርድሯል፣ ባዶ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። ሰብሳቢውን ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «ፎርማሊቲ ነው» አለኝ።

«ፍርድ ቤት ነፃ ካለኝ ሥራዬም ተረፈ።» የግድ አይደለም። የወንጀል ክስና የዲሲፕሊን ክስ የማስረጃ ሚዛናቸው ይለያያል። የእንግሊዟ ብራይተን ፖሊስ አዛዥ ቻርልስ ሪጅ በወንጀል ነፃ ቢባልም ከሥራ ተባሯል። በ1963 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ስንብቱን የሻረለት ክሱ ሳይነገረውና ሳይሰማ በመባረሩ ነው።

«መታገድ መቀጣት ነው።» አይደለም፤ ምርመራው እስኪያልቅ ገለል ማድረጊያ ነው፣ ማለቂያ ካጣ ግን ተከራከሩ።

«ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።» ይህኛውን ደግሞ ተከሳሾች ይወዱታል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ መተዋወቅ ብቻውን አድልዎ ቢሆን ኖሮ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1975 አንድ አካል መርምሮ መወሰኑ ብቻውን ወገንተኛ አያሰኘውም ብሏል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ክሱን ያመጣው ሰው ወይም ምስክሩ ራሱ አባል ሆኖ ሲቀመጥ፣ በግል የተጣላችሁት ሰው ሲሰበስብ፣ ሳይሰማችሁ «አባርረዋለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው ድምፅ ሲሰጥ። እንዲህ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያውኑ «ይነሳልኝ» በሉ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይስፈር። በይሉኝታ ዝም ብሎ፣ ውሳኔው ሲከፋ ይግባኝ ላይ «ለካ ጠላቴ ነበር» ማለት ብዙም አያስኬድም።

«አልቀርብም፣ ከቀረብኩ አመንኩ ማለት ነው።» ኧረ በፍጹም! መጥሪያው በአግባቡ ከደረሳችሁ ሳትኖሩም ሊወሰን ይችላል፣ ያኔ ፋይሉ ውስጥ ያለው የከሳሽ ቃል ብቻ ነው። ጠዋት ጠርተው ከሰዓት መልስ ስጥ ካሏችሁ በጽሑፍ ጊዜ ጠይቁ። የማስረጃውን ኮፒ ጠይቁ። ምስክር ካለ ልጠይቀው በሉ። መልሳችሁን በቃል ብቻ አትተዉት፤ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይም ማህተምና ቀን አስመቱበት።