ፕሮሶፓግኖዥያ ምንድን ነው? ሰላም ሳይልህ ያለፈ ሁሉ ኮርቶ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በምን በምን ይቀየማል ብትሉኝ ሰርግ አለመጠራት አለ፣ ለቅሶ አለመድረስ አለ፣ ግን "አይቶኝ እንዳላየ አለፈኝ" የሚለውን የሚያክል ያለ አይመስለኝም። አራት ኪሎ አደባባዩ ጋር ተገጣጥማችሁ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ካለፈ በቃ ማታውኑ ወሬው ሰፈር ይገባል፣ ኮራ፣ ዘጋን፣ ሥራ ሲይዝ ረሳን ምናምን። እውነትም ኮርቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚኮራ ሰው ሞልቷል። ግን አይቷችሁም ማን እንደሆናችሁ ጭራሽ ያልመጣለት ሰውም አለ፣ ችግሩም ስም አለው፣ ፕሮሶፓግኖዥያ ይባላል።

ምንድን ነው ካላችሁ፣ ዓይን በደንብ እያየ ፊትን ለይቶ ማወቅ አለመቻል ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየው አፍንጫውን ያያል፣ አፉን ያያል፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ ይነግርሃል፣ ብዙዎቹ ደሞ እየሳቅክ ይሁን ተናደህ ጥርት አድርገው ያውቃሉ። የሚጎድለው "ይሄ እኮ እከሌ ነው" የምትለዋ ነገር ብቻ ናት። ስለዚ መነፅር አያድነውም። የመርሳት ችግርም አይደለም፣ ስምህን ስትነግረው የልጆችህን ስም፣ አምና የተጣላችሁበትን ጉዳይ፣ ያለብህን ብድር ሳይቀር ይዘረዝርልሃል። የጉብዝና ጉዳይም አይደለም፤ ስለ አንጎል በሽታዎች ሲጽፍ የኖረው ሐኪም ኦሊቨር ሳክስ ራሱ ነበረበት፣ እንደውም አንድ ግዙፍ ጢማም ሰውዬ ሊገጨው ሲል ይቅርታ ጠይቆ ቀና ሲል መስታወት ውስጥ ያለው ራሱ ሆኖ ያገኘው አንዴ ብቻ እንዳልሆነ ተናግሯል። ቺምፓንዚዎችን ስታጠና የኖረችው ጄን ጉዶልም እንዳለባት ተናግራለች፣ ከሁሉም የሚገርመው ግን ቸክ ክሎዝ የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው፣ ፊት አይለይም ነበር፣ ታዋቂ የሆነው ግን ግድግዳ በሚያህል ሸራ ላይ የሰው ፊት በመሳል።

ስሙን ያወጣለት ጆአኺም ቦዳመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጭንቅላታቸው ላይ ተመትተው ፊት መለየት ያቃታቸውን ታካሚዎች አይቶ። ለረጅም ጊዜም እንዲህ በጉዳት ብቻ የሚመጣ፣ በጣም ብርቅ ነገር ነበር የሚመስለው። በኋላ ግን ምንም ሳይመቱ፣ ምንም ሳይታመሙ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ የሆኑ ሰዎች እንዳሉ ታወቀ፣ በቤተሰብም ይወርዳል፣ በ2006 ጀርመን ውስጥ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከ100 ሰው 2.5 ገደማ ላይ አግኝቶታል። እና አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም፣ ከየት ያውቃሉ? ሌላው ሰው ፊትን እንዴት እንደሚያይ ገብቶ ያየ የለም፣ ሁሉም እንደኔ በፀጉርና በድምፅ ነው የሚለየው ብሎ ያድጋል።

ቆይ ግን እኛ ሌሎቻችን እንዴት ነው የምንለየው? ይሄ ጥያቄ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ፊት ሲባል ሁሉም አንድ ነው፣ ሁለት ዓይን ከላይ፣ አፍንጫ መሃል፣ አፍ ከታች። ልዩነቱ ያለው በጥቃቅን ርቀቶችና ቅርፆች ላይ ነው፣ አንጎላችን ደሞ አንድ በአንድ እየቆጠረ ሳይሆን ጠቅላላውን በአንዴ ነው የሚይዘው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ላይ የሰው ፎቶ አውጡና ላዩ ታች እንዲሆን ዘቅዝቃችሁ እዩት፣ የምታውቁት ሰው ሁሉ ባዳ ይመስላል። ሮበርት ዪን የሚባል ተመራማሪ በ1969 እንዳሳየው ስንገለብጠው ቤትም አውሮፕላንም ይከብደናል፣ ፊት ግን ከሁሉም በላይ ነው የሚከብደን። በ1980 ደሞ ፒተር ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የያኔዋን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸርን ፎቶ ወስዶ ዓይኗንና አፏን ብቻ ቆርጦ ገልብጦ ለጠፈው፣ ፎቶው ተዘቅዝቆ ሲታይ ምንም አይልም፣ ደህና ሴትዮ ናት፣ ስታቀኑት ግን ያስደነግጣል፣ ሰይጣን ነው የምትመስለው። እንግዲህ ይሄን ሥራ በዋናነት የሚሠራ ቦታ ከአንጎል ሥር ወደ ኋላ በኩል አለ፣ በብዛት በቀኝ ጎን፣ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በ1997 ፊውዚፎርም ፌስ ኤሪያ ብለውታል፣ ስትሮክ ወይ አደጋ በዛ አካባቢ ከመታ ፊት ነው አብሮ የሚሄደው።

ማወቅም ራሱ በደረጃ ነው። መሥሪያ ቤትህ ሥር ያለው ጁስ ቤት ሁሌ ስፕሪስ የሚሠራልህ ልጅ ቅዳሜ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊትህ ቆሟል እንበል። ሽርጥ የለም፣ ብሌንደር የለም። አውቀዋለሁ፣ በደንብ አውቀዋለሁ፣ የት ነው ግን የማውቀው? ዘመድ ነው? ዩኒቨርሲቲ ነው? ሰልፉ እስኪያልቅ ስትጨነቅ ትቆይና ታክሲው ውስጥ ከገባህ በኋላ ነው ብልጭ የሚልልህ። ቪኪ ብሩስና አንድሩ ያንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1986 ይሄን በሥርዓት አስቀምጠውታል፣ መጀመሪያ ፊቱ የማውቀው ነው ይባላል፣ ቀጥሎ ማን እንደሆነ ይመጣል፣ ስም መጨረሻ ነው፣ ለዛ ነው ሥራውንም ሚስቱንም እያወቅክ ስሙ የሚጠፋህ፣ ስሙ መጥቶልህ ማን እንደሆነ የጠፋህ ጊዜ ግን አይኖርም። ይሄ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው፣ ፕሮሶፓግኖዥያ ያለበት ሰው ግን መጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ነው የሚቀረው፣ "አውቀዋለሁ" ራሷ አትመጣለትም።

አንድ የማውቃት ልጅ አለች፣ አምባሳደር አካባቢ ቢሮ ነው የምትሠራው። ሰውን በአረማመድ፣ በድምፅ፣ በቦርሳ፣ በፀጉር ነው የምትለየው፣ ስለዚ ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዋ ሹሩባዋን ፈታ ሂውማን ሄር አድርጋ ስትመጣ ለሷ አዲስ ሠራተኛ ገባ ማለት ነው። ከሁሉም የሚከብዳት እሁድ ነው። ሥላሴ ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው ሙሉ ነጠላ ነው፣ ፀጉር የለም፣ ልብሱ ሁሉ ነጭ፣ እናቷን ከዛ ሁሉ እናት መሃል እንዴት ታግኝ? ስለዚ ቦታ ተስማምተዋል፣ እሷ ሁሌ አንድ ጥግ ትቆማለች፣ ፈልገው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ኮቪድ ጊዜ ሁሉም ማስክ ሲያደርግ ሌላው ሰው "ሰው መለየት አቃተኝ" ሲል እሷ ነበር የምትስቀው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ እያለች።

ደግነቱ የኛ ሰላምታ ረጅም መሆኑ እንደሷ ላለ ሰው ትልቅ ውለታ ነው። "ጠፋሽ እኮ!" ሲሏት "አለሁ፣ እናንተስ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?" እያለች ድምፁን ታጠናለች፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አሥር ደቂቃ ስታወራ ማንም አይነቃባትም። ሁሉን የሚያፈርሰው አንድ ጥያቄ ነው፣ በተለይ ለቅሶ ቤት የሚገኙ ትልልቅ እናቶች የሚወዱት፣ "አላወቅሽኝም አይደል? እስቲ ማን ነኝ?" እባካችሁ ይሄን ጥያቄ ተዉት፣ ደህና ፊት የሚለይ ሰውንም ያስጨንቃል እኮ።

ስሜት ማንበብ ሌላ መስመር ነው ብያለሁ። ልጅቷ "አንዷ ፊቷን አጥቁራ አየችኝ፣ ማን እንደሆነች ግን አላወቅኩም" ትላለች፣ ሁለቱ ተለያይተው እንደሚሠሩ ከዚህ በላይ ግልፅ የሚያደርገው የለም። ተቃራኒውም አለ፣ በጥናቶች ላይ ኤስ ኤም ተብላ ብቻ የምትታወቅ አሜሪካዊት አሚግዳላ የሚባለው የአንጎሏ ክፍል በሁለቱም ጎን ተጎድቶ ሰው ታውቃለች፣ የሰው ፊት ላይ ያለ ፍርሃት ግን አይገባትም ነበር፣ በ2005 እንደታየው አንዱ ምክንያት ዓይን አካባቢ ስለማታይ ነው፣ ዓይኑን እዪ ሲሏት ተሻላት። ስሜት በፊት ላይ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ወይ የሚለው ላይ ግን እስካሁን ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አንድ ነው አልልም፣ እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ቅንድብ አንስተን "እህ" ስንል አዎ ማለታችን ነው፣ ቦሌ የወረደ ፈረንጅ ደሞ የደነገጥን ይመስለዋል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ነገር አለ፣ "ቻይናዎች ሁሉም አንድ ናቸው፣ አይለዩም" የሚባለው። ይሄ ፕሮሶፓግኖዥያ አይደለም፣ ያልለመድነው ፊት ስለሆነ ነው፣ እነሱም እኛን እንደዛው ነው የሚሉን። በልጅነታቸው በጉዲፈቻ ሄደው ፈረንሳይ ያደጉ ኮሪያውያን የፈረንጅ ፊት ከኮሪያ ፊት በተሻለ ይለያሉ፣ ማለትም ዘር ሳይሆን ልምድ ነው። በጠቅላላው የማናውቀውን ሰው ፊት ማዛመድ ላይ ሁላችንም ደካማ ነን። አውስትራሊያ ውስጥ በ2014 የወጣ ጥናት ፓስፖርት የሚሠሩ ሠራተኞችን ፈተናቸው፣ ፊት ከፎቶ ጋር ማመሳከር የቀን ሥራቸው ነው፣ ግን ከተማሪዎች አልተሻሉም። ስለዚ ባንክ ቤት መታወቂያህን አንዴ፣ አንተን አንዴ እያየች የምትጠራጠርህ ልጅ ላይ አትናደድ፣ ሥራው ከባድ ነው።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር፣ ፊት አላውቅም የሚለው ሰው ሰውነቱ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። ትራኔልና ዳማሲዮ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እንዳሳዩት ታካሚዎቹ የቤተሰባቸውን ፎቶ አይተው "ማን እንደሆነ እንጃ" እያሉ እጃቸው ላይ የተገጠመው የላብ መለኪያ ግን ይዘል ነበር። ካፕግራስ የሚባለው ችግር (ፈረንሳዊው ጆሴፍ ካፕግራስ በ1923 የገለፀው) ግልባጩ ነው፣ ፊቱን ያውቀዋል፣ የቅርብ ሰው ስሜቱ ግን አይመጣም፣ ስለዚ "ይቺ ሚስቴን ትመስላለች እንጂ ሚስቴ አይደለችም" ይላል። ቤት ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ጠበሉም ይቀጥል፣ ግን ሐኪም ይየው።

መድኃኒት አለው ወይ? አብሮ ለተወለደው የለም፣ ስልጠና ትንሽ የረዳቸው አሉ። መለያ ፈተናዎች አሉ፣ በብዛት የሚሠራበት በ2006 የወጣው የካምብሪጅ የፊት ማስታወስ ፈተና ነው፣ ፀጉርን ቆርጦ አውጥቶ ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ማለትም መሸወጃ የለም። ከዛ ውጪ የሚረዳቸው የኛ ነገር ነው፣ ስታገኛቸው መጀመሪያ ስምህን በል፣ "እከሌ ነኝ፣ ከፒያሳው ቢሮ"፣ አለቀ። ድንገት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ትናንት ልጆቹን የሚያውቅ አባት ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን መለየት ካቃተው ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል እስቲ ይተኛና እናየዋለን የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።