«97 በመቶ ይመሳሰላሉ» ማለት ምን ማለት ነው?

በዕፅዋት ሥር ስለሚኖሩ ፈንገሶች ዝምድና ስታነቡ «97 በመቶ» የሚለው ቁጥር ደጋግሞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉት እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠራሉ። የሚለካው ሙሉው ዲኤንኤ አይደለም፤ አንዲት አጭር ክፍሉ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ «የየትኛው ክፍል?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2012 የፈንገሶች መለያ ሆና የተመረጠችው አይቲኤስ የምትባለው የዲኤንኤ ክፍል ናት። ለብዙዎቹ በደንብ ትሠራለች። የቡና ሥር ውስጥ በሚኖሩት በአርባስኩላር ማይኮራይዛ ፈንገሶች ላይ ግን ታሳስታለች፦ የእነዚህ አንዲት ስፖር (የመራቢያ ቅንጣት) በመቶዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች፣ ማለትም ዲኤንኤ የያዙ የሴል እምብርቶች፣ ትይዛለች፣ በዚያችው ስፖር ውስጥም እርስ በርስ የሚለያዩ የአይቲኤስ ቅጂዎች ይገኛሉ። አንዱ ፈንገስ ሁለት ዝርያ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ለሩቅ ዝምድና 18ኤስ የተባለው ቀስ ብሎ የሚለወጥ ጂን ይሻላል። በ2001 እነዚህ ፈንገሶች ግሎመሮማይኮታ ተብለው ራሳቸውን የቻሉ ትልቅ ምድብ የሆኑት በእሱ ማስረጃ ነው።